የዕረፍት ላብ አደሮች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በፖላንድ የግዳንስክ ከተማ መርከብ ሠሪዎች ሥራ አቁመው 21 ጥያቄዎቻቸውን በሰሌዳ ጽፈው በር ላይ ሲሰቅሉ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ትሁን የሚል ነበር። በምዕራብ ለንደን፣ ኢሊንግ፣ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ፖላንዳዊ ጎረቤቴ ምስጋና ይግባውና፣ አያቶቹ የታገሉላት ቅዳሜ ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ቅዳሜው የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። ዡሬክ የሚሉት ሾርባቸው መነሻ አለው፤ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ዱቄት ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል ተደርጎበት አራት አምስት ቀን ይቦካል። ሊጥ ባለበት ቤት ያደገ ሐበሻ ሽታውን ገና ደረጃው ላይ ሳለ ይለየዋል። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ቡኮው ጠዋትና ማታ ፎቶ መነሣቱ ነው። የእናቶቻችን ሊጥ ስንት ዘመን ያለ ምስክር ቦካ! ከፎቶው በታች «አልቸኩልም» ተብሎ ተጽፏል። ጎበዝ፣ እርሾን ማን አቻኩሎት ያውቃል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ «ዝም ብሎ መንሸራሸር» አለ። መንገዱ የተመረጠው ሐሙስ ነው፤ የግራንድ ዩኒየን ቦይ ስድስት የውኃ በሮችን ተከታትሎ የሚወርድበት ሃንዌል። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሚስቱ ስልኳን አንሥታ ከፊቱ ወደ ኋላ ትራመዳለች፤ እሱ በሐሳብ እንደ ተወሰደ ሰው ውኃውን ያያል። ሦስተኛው በር ላይ አንዲት ዳክዬ ከፎቶው ስለ ወጣች ተመልሰን እንደገና በሐሳብ ተወሰድን። እንዲህ ያለ ትጋት በመርከብ ሠሪዎቹም ዘንድ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሲመለሱ የፖላንድ ሱቅ ይገባሉ፤ «ድንገት ያገኘነው» ይሉታል። ባለሱቁ ገና ከበሩ ሲያያቸው የተለመደውን አይብና በጨው ውኃ የቦካውን ዱባ መሳይ ኪያር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በየሳምንቱ ለእንጀራ ስል ሁለት አውቶቡስ እቀያይራለሁ። ያጣሁት «ድንገት» የምትለውን ቃል ብቻ ነው።

እሑድ ለምሳ ተጠራሁ። ሾርባው ነጣ ያለ፣ ቋሊማው የተከተፈ፣ የተቀቀለው እንቁላል ለሁለት የተገመሰ፤ ሽታው አፍ ውኃ ያስሞላል። ማንኪያዬን ሳነሣ ጎረቤቴ በትሕትና እጄን ያዘኝ። እንፋሎቱ በፎቶው ላይ አልታይ ብሎ ነበር። ሾርባው ወደ ምድጃ ተመለሰ፤ ሲመጣ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለው ፀሐይ ተነሥቶ ሄዷል። ጠረጴዛውን ገፋን። ሦስተኛው ሙቀት ላይ እንቁላሉ ጠጥሮ ነበር፤ ሆኖም ጎረቤቴ «ምንም ሳንሠራ ያለፉ ሁለት ቀናት» የሚለውን እየጻፈ ስለ ነበር ላስቸግረው አልፈለግሁም። ግንባሩ አልቦት ነበር።

ነገሩ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ከመጉረሴ በፊት አንድ አነሣሁና አዲስ አበባ ለእናቴ ላክሁ። ወዲያው ደወለች።

«ልጄ፣ እንቁላሉንስ አየሁት። ዶሮ ወጡን ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የነጣው?»