ማን በተሻለ አቋም ማራካሽ ይገባል፦ ናይጄሪያ ወይስ ጋና?

ናይጄሪያና ጋና መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2024) በሞሮኮዋ ማራካሽ በወዳጅነት ጨዋታ ተገናኝተው ነበር። ከኮትዲቯሩ የአፍሪካ ዋንጫ ወዲህ ሁለቱም ሜዳ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከጨዋታው በፊት ሁለት ጸሐፊዎች ስለ ቡድኖቹ የወቅቱ አቋም እንዲህ ተከራክረው ነበር።

ለናይጄሪያ፦

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮትዲቯር ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። ናይጄሪያ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ አሰልጣኝ ጆዜ ፔሴሮ የኋላውን መስመር በሦስት የመሃል ተከላካዮች አዋቀሩት። ከዚያ አስተናጋጇን ኮትዲቯርን፣ ጊኒ ቢሳውን፣ ካሜሩንንና አንጎላን በተከታታይ ስታሸንፍ አንድም ጎል አልገባባትም። ደቡብ አፍሪካን በመለያ ምት አልፋ ለፍፃሜ ደረሰች፤ ዋንጫውንም እስከ 62ኛው ደቂቃ እየመራች ቆይታ ነው 2 ለ 1 ያጣችው።

ጋናስ? ሦስት ተጫውታ አንድም አላሸነፈችም። ኬፕ ቨርዴ በጭማሪ ደቂቃ 2 ለ 1 ረታቻት። ግብፅን ሁለት ጊዜ መርታ ሁለቴም አቻ ተደረገች። ከሁሉም የባሰው የሞዛምቢኩ ነው፦ መደበኛው 90 ደቂቃ ሲያልቅ 2 ለ 0 ትመራ ነበር፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ግን 2 ለ 2 ነበር። ይህን ቡድን በጥሩ አቋም ላይ ነው ማለት ለእኔ የማይዋጥ ነገር ነው።

ለጋና፦

ወንድሜ፣ ያወደስካቸው ፔሴሮ እኮ ዛሬ የሉም። ለዚህ ጨዋታ ቡድኑን በጊዜያዊነት የያዙት ረዳታቸው የነበሩት ፊኒዲ ጆርጅ ናቸው። ደግሞ መከላከሉን ብቻ ነገርከን። የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ኦሲምሄን ያለበት ቡድን በሰባት ጨዋታ ያስቆጠረው 8 ጎል ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ የተከላካዩ የትሮስት ኤኮንግ ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ በፍፁም ቅጣት ምት። ኦሲምሄን ራሱ አንድ ብቻ አገባ። ጋና በሦስት ጨዋታ 5 አስቆጥራለች፣ ያውም አማካዩ ኩዱስ በመጀመሪያው ጨዋታ ሳይሰለፍ።

ህዳር ወር ላይስ ምን ሆነ? ናይጄሪያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በገዛ ሜዳዋ ከሌሶቶ ጋር 1 ለ 1፣ ቀጥሎ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ዋናው ነገሬም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ አሸነፈች፣ ጋና በኮሞሮስ ተሸንፋ ከምድቧ መጨረሻ ሆነች። አቋም የተባለው ሁሉ በናይጄሪያ በኩል ነበር። ሁለት ወር አልፎ በማጣሪያው ናይጄሪያን ጥላ ወደ ኳታሩ የዓለም ዋንጫ ያለፈችው ግን ጋና ናት። አሰልጣኟ ማን ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ2024 ክሪስ ሂውተንን ተክተው የተመለሱት ኦቶ አዶ።

ለናይጄሪያ፦

የሌሶቶው ያማል፣ አልክድም። በዚያው ወር ግን ጋና ሞሮኒ ላይ በኮሞሮስ 1 ለ 0 ተሸንፋለች፤ ማዳጋስካርንም በሜዳዋ ያሸነፈችው በጭማሪ ደቂቃ ነው። በፍፁም ቅጣት ምት የተገኘ ጎል የምትቀንስ ከሆነ የጋናው ጆርዳን አየው ሞዛምቢክ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት ያገባቸውን ሁለቱንም ቀንስ፤ የጋና 5 ጎል ሦስት ይሆናል።

የ2022ቱን ማጣሪያም በትክክል እናንሳው። ጋና ውስጥ ኩማሲ ላይ 0 ለ 0፣ ናይጄሪያ ውስጥ አቡጃ ላይ 1 ለ 1። ጋና ያለፈችው ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ጎል እንጂ አሸንፋ አይደለም። ማራካሽ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ለጋና፦

አላሸነፈችም፣ እሺ። ናይጄሪያስ? ከዚህ ጨዋታ በፊት ጋናን የረታችው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2006 የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት! በእነዚህ ዓመታት የናይጄሪያ አቋም ከጋና የተሻለበት ጊዜ ጠፍቶ ነው?

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ነገር ግን እቀበልሃለሁ። ከሞዛምቢክ ጋር የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል። ያ ድካም ይሁን ድንጋጤ አዶ ገና በጥቂት የልምምድ ቀናት የሚያስተካክሉት አይመስለኝም። ስለዚህ ማራካሽ ላይ ጋና ብትመራ እንኳ ከ85ኛው ደቂቃ በፊት ደስ አይለኝም።