«ዲፍራግ አድርገው» ለምትሉኝ ሁሉ

ኧረ በፈጠራችሁ! ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ባልኩ ቁጥር «ዲፍራግ አድርገው» የሚለኝ ሰው በዛ። ዲስኩ ላይ የተበታተነውን የፋይል ቁርጥራጭ ሰብስበህ በተርታ አስቀምጥ ማለታቸው ነው። ጅማ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ የማያውቅ ይመስል! አድርጌዋለሁ። ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። ያቃጠለኝ ራሱ ዲፍራጉ ነው።

ማሽኑ ፔንቲየም 4 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ 40 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። አዎ፣ ማይክሮሶፍት ኤክስፒን በ2006 ዓ.ም. እርግፍ አድርጎ እንደተወው አውቃለሁ። እንጀራዬ ግን አሁንም እሱ ላይ ነው።

የኤክስፒ ዲፍራግ በደንብ እንዲሠራ ከዲስኩ 15 በመቶው ባዶ መሆን አለበት። በእኔ 40 ጊጋ ሲሰላ 6 ጊጋ ነው። እስቲ አስቡት። ፋይል ይበልጥ የሚበጣጠሰው እኮ ዲስኩ ሲሞላ ነው። አንድ ላይ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ሲያጣ እዚህም እዚያም ይበተናል። ታዲያ ይሄ መድኃኒት የሚሠራው ላልታመመ ሰው ነው? 6 ጊጋ ባዶ ቢኖረኝ መች እዚህ እደርስ ነበር! ልሰርዝ ብልስ የማንን ፋይል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን አስጽፎ ይሄድና ከስንት ጊዜ በኋላ «ያቺ ምዕራፍ ሁለት አለች አይደል?» ብሎ ከች ይላል። የለችም ብትለው ጉድህ ፈላ።

እሺ፣ እንደምንም ቦታ ለቀቅኩለት እንበል። ከዚያ በኋላ ዲፍራጉ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያቸው ባለቀለም መስመሮች ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ነው። ቀዩ የተበጣጠሰው፣ ሰማያዊው የተገጣጠመው። አረንጓዴው ግን ንክች አይልም። ፔጅ ፋይሉ (ራም ሲጠበው ዊንዶውሱ ዲስኩ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) እዚያ ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ እየተጠቀመበት ስለሆነ አያንቀሳቅሰውም። መሀል ላይ ተገትሮ ሌላውን ፋይል መተላለፊያ ያሳጣዋል። ፔጅዲፍራግ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ዊንዶውሱ ገና ሳይገባ ታስተካክለው ነበር። ግን እሷን ከውጭ ፈልጎ መጫን ለምን የእኔ ዕዳ ይሆናል?

ሰዓቱስ? ቀን ደንበኛ አለ፣ ስለዚህ ማታ ነው። ማታ ደግሞ መብራት። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ገና ሲያጉረመርም መብራቱ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ዲፍራጉ ዲስኩን ከሀ ጀምሮ መመርመር ይጀምራል።

(የዊንዶውስ 98 ሰዎች፣ እናንተም አትሳቁብኝ። ያኔ አንዲት ፕሮግራም ዲስኩ ላይ የሆነ ነገር ጻፍ ባደረገች ቁጥር «ይዘቱ ተቀይሯል» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። ስክሪን ሴቨሩን ሳታጠፉ ጀምራችሁት ከሆነማ አለቀላችሁ።)

ከሁሉም የሚያበግነኝ መጨረሻው ነው። ሁሉን ችለህ፣ አድረህ፣ ሲጨርስ «አንዳንድ ፋይሎችን ማስተካከል አልተቻለም» ይልሃል። የትኞቹን? ዝርዝሩን ስታይ ትልልቆቹን! ለእነሱ ብዬ አይደል እንዴ ያደርኩት?

«ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ግዛ፣ እሱ ዲፍራግ አያስፈልገውም» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። የእኔ ማዘርቦርድ ግን የሚቀበለው አይዲኢ (የድሮውን የዲስክ ማገናኛ) ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረኝ ፋይሉን ሁሉ ወደ ውጭ ገልብጬ፣ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ፣ ኤክስፒን እንደ አዲስ ጭኜ፣ መልሼ መገልበጥ ነው። ባዶ ዲስክ ላይ ሲገለበጥ ፋይሉ በተርታ ይቀመጣል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚያውሰኝ ካለ፣ ከሂርማታም ይሁን ከፈረንጅ አራዳ፣ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ቡናው በእኔ።