ጨው ማጣራት ብቻውን አያዋጣም

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የውሃ እጥረት መፍትሔው የባሕርን ውሃ ከጨው ማጣራት ነው ይላል። ባሕርም ገንዘብም ላለው እሺ። ግን የደቡብ አፍሪካዋን ኬፕታውንን ከመታት ከባድ ድርቅ ያሻገራት በዋናነት ቁጠባ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቀደ። ብዙ የተጠቀመ በውድ ከፈለ፤ የቧንቧው ግፊትም ተቀነሰ። ግፊት ሲቀንስ በተሰነጠቀ መስመር የሚባክነውም ይቀንሳል። ይሄ ለሪባን ቆረጣ ስለማይመች መሰለኝ፣ ባለሥልጣናት ብዙም አያወሩለትም።

የናሚቢያዋ ዊንድሆክ ደግሞ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፍሳሽ ውሃ አጣርታ መልሳ ትጠጣለች። "እንዴ፣ የሽንት ቤት ውሃ?" የሚል አይጠፋም። በየደረጃው ተጣርቶ፣ ጥራቱ ተለክቶ፣ ከሌላ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰራጨው። ከማሽኑ ይልቅ የሕዝቡን አመኔታ ማግኘት ይከብዳል ባይ ነኝ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ግብርናን ነው። በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ውሃ 70 በመቶ ገደማው የሚሄደው ወደ እርሻ ነው። የጠብታ መስኖ ይረዳል። ግን ገበሬው በተረፈው ውሃ ሌላ መሬት ካለማበት ለወንዙ የሚተርፍለት ነገር የለም። ስለዚህ የሚቀዳው መጠንም አብሮ መገደብ አለበት።