አምፔሩ የበዛ አዳፕተር መሣሪያችሁን አያቃጥልም

«ራሳችሁ የሠራችሁትን ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) 2 አምፔር ባለው አዳፕተር ካበራችሁት ይቃጠላል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ያን ያህል የተለፋበት ሥራ ሲጨስ ማየት ያማል። ግን ትክክል አይደለም። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር መስጠት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። 0.1 አምፔር የሚፈልግ ሰርኪት ከዚያ ላይ የሚስበው ያንኑ 0.1 ብቻ ነው።

የሚያቃጥለው የቮልቴጅ መብለጥ ወይም የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መገለባበጥ ነው። ሁሉም አምፔሩን ብቻ ሲያይ እነዚህ ይረሳሉ፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መልቲሜትራችሁን (ቮልቴጅ የሚለካውን መሣሪያ) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ ወደ መሣሪያችሁ የሚገባው የአዳፕተሩ መሰኪያ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩን ውጪኛው ብረት ላይ አስነኩ። አዳፕተሩ ባለ 9 ቮልት ከሆነ፣ 9 ካለ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ -9 ካለ ኔጌቲቭ። ብዙዎቹ የጊታር ኢፌክት ፔዳሎች (የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ፣ በእግር የሚረገጡ መሣሪያዎች) መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነውን ስለሚጠቀሙ፣ የፔዳል አዳፕተር ስትዋሱ ይህን ሳትለኩ አትሰኩ።