እርማት፦ ላባዋን የነፋች ባጂ በርዷት ብቻ አይደለም

«ባጂ የምትባለው ትንሿ በቀቀን ላባዋን ነፍታ ከተቀመጠች በርዷት ነውና ጨርቅ አልብሱላት» በማለት የሰጡት ምክር፣ በተለይ ለእኛ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ መታረም ያለበት ይመስለኛል። በከዚራ የቀትር ሙቀት የትኛዋ ወፍ ይበርዳታል? አንድ እግሯን ሰብስባ ለጥቂት ጊዜ ብታንቀላፋ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ላባዋን ነፍታ ከዋለች፣ ከፍርግርግ ቤቷ ወለል ላይ ከተቀመጠች ወይም በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ሕመሟን መደበቅ አቅቷታልና በዚያው ዕለት ለእንስሳት ሐኪም መታየት ይኖርባታል። ሙቀት የጎዳት ወፍ ደግሞ በተቃራኒው ላባዋን ከሰውነቷ አጣብቃ፣ ክንፎቿን ከጎኗ አራርቃ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ እሷን በጨርቅ መሸፈን ማፈን ነው። ክሳቷን ላባው ስለሚሸፍነው፣ ጤነኛ ሳለች በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝነው ይመዝግቡ፤ ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው።