ነፋሱን ቆርጠው እሳቱን አሳዩን

ቅዳሜ ማታ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ሬድ ክሊፍ» (ቀይ ገደል) የሚባለውን የቻይና የጦርነት ፊልም ሊያሳይ ነው ሲባል ቡናችንን አፍልተን ቁጭ አልን። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አለቀ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጁ ናቸው። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ፊልም የት ገባ ብሎ የጠየቀ ተመልካች አልጠፋም። ይህን ያስጻፈኝ አቅራቢው በማግስቱ የሰጠው መልስ ነው። «የተቆረጠው ወሬው ነው፤ ጦርነቱ አልተነካም። ደግሞ የቻይኖቹ ስም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የኛ ተመልካች ማን ማን እንደሆነ አይለየውም» አለ። ሳቀም።

ከስሙ ልጀምር፤ ከሁሉ የሚያሳፍረው እሱ ነውና። ለመሆኑ «የኛ ተመልካች» የሚሉት ማንን ነው? አሉላ ሲሉት አባ ነጋ፣ ባልቻ ሲሉት አባ ነፍሶ፣ ምኒልክ ሲሉት አባ ዳኘው ብሎ የሚቀበል ሰው አይደለም? ካሳ ኃይሉ፣ መይሳው፣ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ አራት ሰዎች ናቸው ብሎ የተሳሳተ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በጥንቷ ቻይናም የመኳንንት ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሌላ ስም ይወጣለት ነበር። የፊልሙ ሰዎችም እንዲሁ፤ የደቡቡ ወገን መካሪ ዡጌ ሊያንግ ኮንግሚንግ ነው፣ የጦር አዛዡ ዦው ዩ ጎንግጂን ነው፣ የሰሜኑ ጦር መሪ ጻኦ ጻኦ ደግሞ መንግደ። በፈረስ ስም ላደገ ሕዝብ ይህ ምኑ ይከብደዋል? እንዲያውም በዚህ ነገር እንደኛ የተዘጋጀ ተመልካች ከየት ይመጣል? ስሙን ያልለየው አቅራቢው ከሆነ፣ የራሱን ስንፍና በእኛ ስም አይመዝግብ።

መልሱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ካራቴ ፊልም ሲከፈት፣ ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘው መነጋገር የጀመሩ እንደሆነ ከኋላ አግዳሚ ላይ «ወሬውን እለፈው!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ባለቤቱ ሪሞቱን አንስቶ ያስሮጠዋል። ምስሉ በነጭ መስመር ይሸነሸናል፣ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ፣ ሰይፍ ሲታይ ይቆማል። ያ ሰውዬ ምክንያት ነበረው፤ በር ላይ ሳንቲሙን ጨብጦ የሚጠብቅ ሌላ ሰልፍ ነበር። ጣቢያውን ግን ምን አስቸኮለው? ፊልሙ እንዳለቀ ያቀረበልን ያለፈውን ሳምንት የሙዚቃ ፕሮግራም ድጋሚ ነው።

«ጦርነቱ አልተነካም» ላለው ግን በአጭሩ አላልፈውም።

የቀይ ገደል ጦርነት ምን ነበር? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ208 ዓ.ም. በብርዱ ወራት፣ ጻኦ ጻኦ 800 ሺህ ሠራዊት አለኝ ብሎ እየፎከረ ወደ ያንግትዜ ወንዝ ወረደ። ፉከራው ቢቀነስለት እንኳ ከ200 ሺህ አያንስም። በደቡቡ ዳርቻ የጠበቁት ሁለት መሪዎች፣ ሱን ቹዋንና ሊዩ ቤይ፣ ጦራቸው ተደምሮ 50 ሺህ ያህል ነው። በጉልበት ከሄድን ነገሩ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ጻኦ ጻኦን የጣለው እሳት ነው፤ እሳቱን ያሻገረው ደግሞ ነፋስ። የሰሜን ሰው ፈረስ እንጂ ታንኳ አያውቅም፤ ማዕበሉ ሲያናውጠውና ሲያስታውከው መርከቦቹ በሰንሰለት ተያያዙ። የተያያዘ መርከብ አይናወጥም፤ ሲቀጣጠል ግን አንዱ ከአንዱ ሸሽቶ አያመልጥም። ይህን ሁለቱም ወገን ያውቃል። ጻኦ ጻኦ ግን አይፈራም፤ ነፋሱ የሚነፍሰው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከእሱ ወገን ነው። እሳት የለኮሰ ሁሉ የሚያቃጥለው ራሱን ነው። ስለዚህ ደቡቦቹ ነፋሱ እስኪዞር መጠበቅ አለባቸው።

መጠበቅ! ጦርነቱ ይኸው ነው። የመጨረሻው ሌሊት የጥበቃው ደረሰኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ዳይሬክተሩ ጆን ዉ ይህን ስለሚያውቅ ነው ፊልሙን ያረዘመው። ዡጌ ሊያንግ ይህን ታሪክ በሚተርከው በጥንቱ የቻይና ልቦለድ ላይ መሠዊያ ሠርቶ ነፋስ የሚጠራ አስማተኛ ይመስላል። ፊልሙ ላይ ግን ደመና የሚያነብ፣ አፈርና አየር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ነፋሱን አይጠራውም፣ ይጠብቀዋል። እስኪመጣ ድረስ እኛም አብረነው ስንጠብቅ ምን እናያለን? በተስቦ የሞቱ ወታደሮች አስከሬን በታንኳ ተጭኖ ወደ ማዶ ይላካል፤ በሽታው ይዛመታል። ሊዩ ቤይ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ይመስላል። ዡጌ ሊያንግ በሦስት ቀን 100 ሺህ ቀስት አመጣለሁ ብሎ አንገቱን ያሲዛል፤ ገለባ የጫኑ ጀልባዎችን በጉም ውስጥ ወደ ጠላት ሰፈር ሰድዶ፣ ጠላት የወረወረውን ቀስት ከገለባው እየነቀለ ይቆጥራል። ከዚያ የዦው ዩ ሚስት ሺያዎ ቺያዎ፣ እርጉዝ ሴት፣ ብቻዋን ወንዙን ተሻግራ ጻኦ ጻኦ ፊት ትቀመጥና ሻይ ትቀዳለታለች። ጽዋው ሞልቶ ይፈስሳል። ሰውየው አጥቁ ብሎ ማዘዝ ባለበት ሰዓት የሻዩን አፈላል እያየ ይቀመጣል። ነፋሱም ይዞራል።

ይህችን የሻይ ትዕይንት፣ ነፋሱን ከጀግኖቹ ጋር ሰዓታት የጠበቀ ሰው ሲያያት እጁ ያልበዋል። እየተሯሯጠ የመጣ ሰው ሲያያት አንዲት ቆንጆ ሴት ሻይ ስትቀዳ ነው የሚያየው። ትዕይንቷ ሳትቆረጥ ብትቀርም ተቆርጣለች ማለት ነው። «ወሬ» ያሉት ነገር ባሩዱ ነበር፤ ባሩዱን ደፍተው ቀለሃውን አሳዩን።

እንደ ማስተባበያ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ፤ «አጭሩን ቅጂ ዳይሬክተሩ ራሱ የተስማማበት ነው፤ ለውጭ ተመልካች የተዘጋጀ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ 148 ደቂቃ የሚፈጅ ለምዕራቡ ሲኒማ የተሰፋ ልብስ አለ፤ መግቢያው ላይ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ድምፅ ሳይቀር ተጨምሮበታል። ታዲያ እኛን ምን አገባን? በእስያ በ2008 እና በ2009 በሁለት ክፍል ተከፍሎ ሲታይ ሕዝብ ሁለቴ ትኬት ቆርጦ ገብቷል። የቻይና ፊልም ወደኛ ለመምጣት መጀመሪያ አሜሪካዊው ተመልካች እንዳይሰለቸው መከርከም ያለበት ለምንድን ነው? የሌላ ሰው ትዕግሥት ማነስ በእኛ ልክ ተለክቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ላስረዳ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ዦው ዩ ሠራዊቱን ሲያሰለጥን አንድ ልጅ ዋሽንት ይነፋል። ቶኒ ሊዩንግ ነው ዦው ዩን የሚጫወተው፤ ያ በዓይኑ የሚናገር ሰው። ልምምዱ ቆመ። ዋሽንቱን ተቀብሎ ቀዳዳዋን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ይመልስለታል፤ ድምፁ ይጠራል። ልጁና ሽማግሌው የመጡት ግን ዋሽንት ሊያስጠግኑ አይደለም፤ ጎሻቸው ተሰርቋል። የሰረቁት ከወታደሮቹ መሃል ናቸው፤ እግራቸው ጭቃ ነው። ዦው ዩ ያየዋል። ጣቱን አይቀስርም፤ መላውን ጦር በጭቃው ውስጥ ሩጡ ይላል። ጨርሰው ሲሰለፉ እግሩ ያልጨቀየ የለም፤ ሌባና ንጹሕ አይለይም። እንዲህ ያለ አዛዥ ያላቸው 50 ሺህ ሰዎች ከ200 ሺህ ፊት ለምን እንደማይሸሹ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር ካለ ይጻፉልኝ። ይህም «ወሬ» ነው አሉ! በዚህ ሂሳብ የዳኝነት ወግ ያለበት የኛ ታሪክ ሁሉ ወሬ ነው።

ደግሞ ፊልሙ እንዲሁ በዋዛ አልተሠራም። ወጪው 80 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው፤ በዘመኑ እስያ በራሷ ገንዘብ ከሠራቻቸው ሁሉ ውዱ ነበር። በመርከቦቹ ቃጠሎ ቀረጻ ላይ አንድ የአደጋ ትዕይንት የሚሠራ ወጣት ሕይወቱን አጥቷል። ሰው የሞተበትን ሥራ በሪሞት የሚያስሮጥ ሰው፣ ቢያንስ ሲጠየቅ አይስቅም።

ፊልሙ እንከን የለበትም አላልኩም። ያቺ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር የምትበረው ነጭ ርግብ አለች፤ ጆን ዉ ርግብ ሳያበር ፊልም መጨረስ አይሆንለትም፤ ወንዙን፣ መርከቡን፣ ድንኳኑን እያስጎበኘችን ትሄዳለች፣ ትሄዳለች። እሷን ቆርጠውልኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላያችሁት ነበር።

ተመልካቹ ረጅም ነገር አይችልም የሚለው ወግማ ይቅርብን። ይኸው ተመልካች መቶ ምናምን ክፍል ያለው የቱርክ ድራማ በየቀኑ ይከታተላል፤ አንዲት ሙሽራ በር ከፍታ ለመግባት ሁለት ማታ ሲፈጅባት ማንም «ወሬውን እለፈው» ብሎ አልጮኸም። እኛ የጠየቅነው ሁለት ማታ ነው፤ ቅዳሜ አንዱን፣ እሑድ አንዱን። ቸኮልን ካሉ የሙዚቃውን ድጋሚ ይተዉት። ማስታወቂያም መሃል ላይ ያስገቡ፤ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ቦታ አለ።