ሚስጥር ነው፣ እህቴ

ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ከሚያሠራኝ ኤጀንሲ ቢሮ አሁን መውጣቴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ጭማሪ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አለቃዬንማ ቀድሜ ጠይቄዋለሁ። «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቀጣሪሽ ኤጀንሲው ነው» አለኝ። ኤጀንሲው ጋ ስሄድ ደግሞ «እኛ ምን እናድርግ፣ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው»። ማምሸት ሲኖር ግን ማንም «የኛ አይደለችም» ብሎ አያውቅም!

የኤጀንሲው ሠራተኛ የሆነው ልጅ ፊት ቁጭ አልኩ። ስሜ ጠፍቶበት ባጄን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«እህቴ፣ ድርጅቱ የሚከፍለን ይቺኑ ነው፣ ከየት እናምጣ?»

«ስንት ነው የሚከፍላችሁ?»

«እሱ ሚስጥር ነው፣ እህቴ።»

ሚስጥር! ከማን? እኔ እኮ የምሠራው ክፍያ ክፍል ነው! ኢንቮይሳቸው በየወሩ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደምሬ፣ አመሳክሬ፣ ለፊርማ የማቀርበው እኔ ነኝ። በእኔ ስም የሚጠይቁት ገንዘብ የደሞዜን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እሺ፣ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ አለ፣ የዓመት ፈቃድ አለ፣ የቢሮ ኪራይም አለባቸው። ይሁን። የቀረውስ? አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ለካ ያቺን የሚስጥር ጠባቂነት አንቀጽ ያስፈረሙኝ ለዚህ ቀን ነው!

ዝም ስል ጊዜ ያሸነፈ መሰለው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና የሲቪ ዝርዝር ቁልቁል እያንሸራተተ፣ «ያንቺን ቦታ የሚለምኑ እነዚህ ሁሉ ናቸው» አለኝ። አያልቅም ዝርዝሩ። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ለእኔ ይደራደርልኛል የተባለው እንግዲህ ይሄ ሰው ነው። የእኔ ደሞዝና የእነሱ ትርፍ ከአንድ ኢንቮይስ ነው የሚወጣው። ድርጅቱ ካልጨመረ በቀር እኔ ጋ ሲጨመር እነሱ ጋ ይቀንሳል። ምን በወጣው ይከራከርልኛል?

አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ የዓለም የሥራ ድርጅትን 181ኛ ኮንቬንሽን ላከችልኝ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ኤጀንሲ በመርህ ደረጃ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይጠይቅም ይላል። የኔ ቆንጆ፣ እኔን ምን ያስጠይቃቸዋል? እጄ ሳይገባ አስቀርተውት!

የቦነሱንስ ነገር ላንሳው? የቋሚ ሠራተኞቹን ዝርዝር ስም በስም ያዘጋጀሁት እኔ። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን ደብዳቤ ያተምኩት እኔ። የእኔ ስም የለም። ቋሚ አድርጉኝ ስላቸው ደግሞ «ለኤጀንሲው የማስለቀቂያ ክፍያ አለብን» ይላሉ። ኳስ ተጫዋች ነኝ እንዴ? የሚገርመው፣ ተጫዋች እንኳ ሲሸጥ ስንት እንደተሸጠ ይነገረዋል።

ብቻ ሆድ ይፍጀው። ልጁ ስወጣ «ለማንኛውም ጥያቄሽን በኢሜይል ላኪው» ብሎኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ላኩት። መልሱ ከመቅጽበት ከች አለ፦ «ውድ ሥራ ፈላጊ፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል።»

ሥራማ ሞልቶ ተርፎኛል፣ ጭማሪ ነው ያልኩት!